የሽሪምፕ መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ካለው ሱፐርማርኬት ገባሁ። የፈለግኩት ወተትና እንቁላል ብቻ ነበር። በዓሣው መደብ አጠገብ ጓንት ያደረገች ወጣት፣ ስንጥር ላይ የተሰካ ሽሪምፕ፣ ያን እግረ ብዙ የባህር ፍጥረት፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ታቀምሳለች። ከፊቷ በቆመው ሰሌዳ ላይ ሻሽ ያሰረች ጥቁር ሴት ፎቶ አለ፤ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። ከሥሯ በእንግሊዝኛ «ይህን ሲበሉ የባህር ዳርቻ ማኅበረሰብን ይደግፋሉ» ተብሎ ተጽፏል። ማኅበረሰብ!

ልጄ እጇን ዘርግታ አንዱን ተቀበለች። «ማሚ፣ አንቺ ፈርስት» ብላ ሰጠችኝ፤ የማታውቀውን ምግብ ሁሉ መጀመሪያ እኔ እንድቀምስላት ነው ልማዷ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ ሽታ መጣ። ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ ከላይ አለ። ከሥሩ ግን እንደረጠበ ጆንያ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሌላ ሽታ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ላያውቀው ይችላል። እኔ ግን የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። በናፕኪን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እንዴት ነው?» አለችኝ ወጣቷ ፈገግ ብላ።

«ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጋሪዬን እየገፋሁ እስከ ወተቱ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ጥሩ ነው! ይህንኑ መልስ፣ ለዚያውም ስለ ሽሪምፕ ተጠይቄ፣ አንድ ጊዜ ሰጥቼ አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአዳማ በዲቪ መጥቼ ዛሬ ሃሪ ሪድ በሚባለው፣ ያኔ ገና በሌላ ስም ይጠራ በነበረው አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ተሳፋሪ ጠፋ፣ ዊልቸሮቹ ተጣጥፈው ግድግዳ ተደገፉ፣ እኛም ተራ በተራ ወደ ቤት ተሸኘን። ካዚኖዎቹ ያን ሁሉ ዘመን ዘግተው ስለማያውቁ በራቸውን የሚቆልፉበት ቸግሯቸው ነበር እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። በልጉ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ መኸር ላይ ሥራ ያገኙልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሠርተዋል። ቬጋስ ላይ ስለ ባህር የሚያወራ አበሻ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። «ሥራስ አለ» አሉኝ፣ «ግን አፍንጫሽን ቤት ትተሽ ነው የምትመጪው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቦታው ኢንተርፕራይዝ የሚሉት የከተማው ዳርቻ ነው፤ አዳዲስ ቤቶች እንደ አሸን ከፈሉበት ሰፈር ጀርባ፣ ከውጭ ሲታይ የቧንቧ ዕቃ ማከማቻ የሚመስል መጋዘን። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ ትኩስ እርጥብ አየር ፊቴን መታኝ። ስድስት ትልልቅ ክብ ታንኮች፣ የሞቀ ጨዋማ ውሃ፣ ቀን ከሌት አየር የሚነፋ ሞተር፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ የጣት ቁመት ያላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሽሪምፖች። እዚህ ዝናብ በናፈቀው በረሃ መሃል ባህር ሠርተዋል።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዛሬም ክፉ ነው አልልም። በኬንያ ባህር ዳርቻ ኩሬ ቆፍረው ሽሪምፕ የሚያረቡ ሴቶች አሉ። የሚያረቡት ለገበያ ነው፤ የሚያንቃቸው ደግሞ የመኖው ነገር ነው። ከሱቅ የሚገዛው መኖ ከተፈጨ ዓሣ ስለሚሠራ ውድ ነው፣ ባህሩንም ያራቁታል። ታዲያ አለቃችን፣ ስሙን መጥራት ስለሚቀፈኝ ዶክተሩ ብዬ ልለፈው፣ ከምግብ ትራፊ ላይ የዝንብ እጭ አርብቶ፣ እጩን አድርቆና ፈጭቶ መኖ የሚሠራበት ዘዴ አወጣ። ታንክ አራት በዚያ ይመገባል፣ ታንክ አምስት በሱቁ። የትኛው እንደሚያድግ ይታያል። ዘዴው ከሠራ ሴቶቹ መኖአቸውን እቤታቸው ይሠራሉ።

እጭ ያልኩት በጨዋ አነጋገር ነው። ትል ነው። እሱን መቀለብ የኔ ሥራ ሆነ። ከሆቴል ወጥ ቤቶች የሚመጣውን ትራፊ፣ የተነከሰ ስቴክ፣ ክሬም የተለቀለቀ ፓስታ፣ ሊፕስቲክ የነካው ኬክ፣ በአካፋ እየዛቅኩ ትሉ ላይ እደፋለሁ። እጅ ሙሉ፣ ሣጥን ሙሉ ነጭ ትል ሲተራመስ ድምፅ አለው፤ ጆሮ ለሰጠው የሚንጠባጠብ ዝናብ ይመስላል። ኤጭ! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማስኬን እያወለቅኩ መኪና ማቆሚያው ላይ አስመለስኩ። ሩዝ ማየት አቆምኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሩዝ አልበላም።

ሽሪምፑስ ቢሆን! ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴ በስልክ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «ዓሣ ነገር» እላት ነበር። ጋሽ ደምሴ ይስቁብኛል። «ትሉን ለትል እያበላን ነው፣ አንቺን ምን አንገሸገሸሽ?» ይሉና የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው እዚያው ታንኩ አጠገብ ሽሯቸውን በስልስ ይጎርሳሉ። ሰው ምኑ ይገርማል፣ በሦስተኛው ወር እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መጉረስ ጀመርኩ። ትሉን ለመድኩት። ንጹሕ ፍጥረት ነው እንዲያውም፤ ምን እንደሆነ አይደብቅም።

ዶክተሩን ግን ልለምደው አልቻልኩም። ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ፤ ሥጋ አይበላም፤ በየሦስተኛው ቃሉ «ማኅበረሰቡ» ይላል። ማኅበረሰቡን ማብቃት፣ ከማኅበረሰቡ ጋር መራመድ። ከማኅበረሰቡ አንዷ በቪዲዮ ስትመጣ ግን ድምፁን አጥፍቶ ኢሜይሉን ያያል።

አንዷ ያልኳቸው ማማ ዙሁራ ናቸው። ኩሬ ያላቸውን አሥራ አንድ ሴቶች የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ እድሜያቸው የእናቴን ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ በቪዲዮ እንገናኛለን። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለና የጠራ ነው። እንደኛ ሰው ሰላምታቸው አያልቅም፤ አንቺ ደህና ነሽ፣ ሽማግሌው ደህና ናቸው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ? ልጆቹ የሚሏቸው ሽሪምፖቹን ነው። ሰዓት የሚቆጥሩት እንኳ እንደኛ ከንጋት ጀምረው መሆኑን ሲነግሩኝ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። በዶክተሩ ዘዴ መኖውን ሠርተው በጆንያ አስቀምጠውታል፤ ግን አልነኩትም። «የእናንተ ልጆች በሱ ሲያድጉ በዓይኔ ሳላይ ኩሬዬ ውስጥ አልጨምርም» አሉ። አሥራ አንዱም ሴቶች የዓመት ልፋታቸው እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ነው። የሚጠብቁት የታንክ አራትን ወሬ ነበር።

ሐምሌ መጣ። የቬጋስን ሐምሌ ያላየ ሰው ምን ልንገረው፤ የመኪና መሪ ይጋረፋል። የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ተበላሸና ለሦስት ቀን ጠጋኝ ጠፋ። ከታንኮቹ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ግድግዳው አላበው፤ መኖው የተቀመጠበት ጆንያም ረጠበ። እኔ ልብ አላልኩም፤ እየዘገንኩ ታንክ አራት ውስጥ ጨመርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ሽታው ከበሩ ነው የተቀበለኝ። ጣፈጥ ያለ፣ የረጠበ ጆንያ። የታንክ አራት ሽሪምፖች ሆዳቸውን ሰጥተው፣ ነጥተው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ተንሳፍፈዋል። የቀሩት ጠርዝ ላይ ተለጥፈው እግሮቻቸውን ያርገበግባሉ። ውሃው ላይ አረፋ ቆሟል። ስንት ወር ሙሉ ትል ያላስመለሰኝ እኔ፣ ያን ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ ውጭ ሮጥኩ።

ጋሽ ደምሴ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው አሸተቱ፣ በጣታቸው ፈረፈሩት። ውስጡ አረንጓዴ ሻግቷል።

«ስንት ቀን ነው ዘዴው ላይ አድርቁት የሚለው?»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን የበረሃ ነው!» አሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይሰነጠቃል። «ባህር ዳርቻ እኮ ጨው እንኳ ይረጥባል። አሰብ ላይ ክብሪት አይለኮስም ነበር። የእነዚያ ሴቶች ጆንያ አሁን ይሄው ነው፤ ከዚህም የባሰ ነው። እኛ ሞተር ስላለን አራት ቀን ቆየልን። እነሱ ኩሬ ውስጥ ሞተር የት አለ? በአንድ ሌሊት ነው ውሃው የሚገማው።»

ለዶክተሩ ነገርነው። ማስኩን አጥብቆ፣ ታንኩን ከሩቅ አየ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ሐሙስ ጠዋት የገንዘብ ረጂዎቹ በቪዲዮ ይገባሉ» አለ። «የማቀዝቀዣ ችግር እንጂ የዘዴው ችግር አይደለም። በአንድ ብልሽት ማኅበረሰቡን ማስደንገጥ የለብንም።» ወደኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ሰብለ፣ አራትን አጽጂው። የቁጥር ሰሌዳዎቹን ቀያይሪያቸው።»

እነዚያን የሞቱ ሽሪምፖች በባልዲ እየቀዳሁ አወጣኋቸው። በጓንት ውስጥ ይሟሟሉ። ከዚያ «4» የሚለውን ካርቶን አንስቼ ታንክ አምስት ላይ ሰቀልኩ፤ «5» የሚለውን ባዶው ላይ። ሁለት ካርቶን፣ ሁለት ሜንጦ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ሥራ ሁሉ የሚያስጠላኝ ያቺ አንድ ደቂቃ ናት። ትሉን የዛቅኩበትን እጄን በሳሙና ታጠብኩት፤ የካርቶኑ ግን በምን ይታጠባል? እንዳልባረር ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልደረድርም። ጋሽ ደምሴ ከዳር ቆመው አዩኝ እንጂ ተይ አላሉኝም። እሳቸውም የቤት ኪራይ አለባቸው።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። በኬንያ ከቀኑ አሥራ አንድ። ረጂዎቹ በየሳጥናቸው ውስጥ ቡና ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዶክተሩ ስለ ማኅበረሰብ አወራ፤ እኔ በመረብ ከ«ታንክ አራት» ሽሪምፕ አውጥቼ ለካሜራው አሳየሁ። እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ የሚዘሉ። ረጂዎቹ አጨበጨቡ።

ማማ ዙሁራ አላጨበጨቡም። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ዶክተሩን አልፈው እኔን ጠሩኝ። «ልጄ፣ የምታበያቸው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

መረቡ እጄ ላይ ነው። ዶክተሩ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ደህና ናቸው» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው።»

የእግዚአብሔርን ስም ጨመርኩበት! ማንም ሳይጠይቀኝ! እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንግዲህ እንጀምራለን» አሉ፤ ስክሪኑ ጠፋ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ገና በጠዋቱ ይፋጃል። ስልኬን አወጣሁ፤ ቁጥራቸው አለኝ። ጋሽ ደምሴ ተከትለውኝ መጡ።

«ልደውልላቸው ነው» አልኩ። «እውነቱን ልነግራቸው ነው፣ የራሱ ጉዳይ፣ ያባርረኝ።»

«ትክክል ነው፣ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «አሁን ግን እነሱ ጋ እየመሸ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እኮ መርዶ ነው፣ ሰብልዬ። መርዶ በምሽት አይነገርም። አሮጊቷ ብቻቸውን ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰሉ ሊያድሩ? ይንጋላቸው።»

አንባቢዬ አበሻ ከሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሞተ ዘመድ ወሬ ማታ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ፣ ደጋፊ ባለበት ይነገራል። የጋሽ ደምሴ ሐሳብ ከዚያ ደግነት ነው የተነሳው። የኔ ግን አልነበረም። እኔ «ይንጋላቸው» ሲሉ ስሰማ ዕፎይ ነው ያልኩት። ፍርሃቴ ወግ ለበሰልኝ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ሽሪምፕ ሲመሽ እንደሚበላ፣ በየምሽቱ የማበላቸው እኔው ራሴ ሆኜ ሳለ፣ አንዴም ትዝ አላለኝም።

ያን ቀን ሙሉ ሺፍቴን ሠራሁ። ትሉን ቀለብኩ፣ ወለሉን አጠብኩ። ቃላት እየመረጥኩ ነበር የዋልኩት፤ እንዴት አድርጌ ቀስ ብዬ እንደምጀምር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣ እነሱ ጋ ንጋት ሲሆን፣ ደወልኩ። ወዲያው አነሱት። ከኋላቸው የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ ይንቦጫረቃል።

«ማማ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩ። «ደህና አደሩ? ቤተሰቡ ደህና ነው?»

«ልጄ» አሉኝ፣ «እየሞቱ ነው። ጠርዙ ላይ ወጥተው አየር ይፈልጋሉ። አሥራ አንዱም ኩሬ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኖውን ሰጠናቸው። የናንተ ደህና ናቸው አላልሽም?»

ነገርኳቸው። የመረጥኩት ቃል ሁሉ ጠፍቶኝ እንደመጣልኝ አፈሰስኩት፤ ሻጋታውን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

«ከስብሰባው በኋላስ ለምን አልደወልሽም? ገና ጆንያውን አልፈታሁም ነበር። ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር እኮ።»

ስለ ምሽት፣ ስለ መርዶ፣ ስለኛ ወግ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወጉ አፌ ውስጥ ሲገማ ታወቀኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን አጠገባቸው ላሉት ሴቶች። ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ስንቴ ብደውል አላነሱልኝም፤ እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ሥራውን ለቀቅኩ። ዶክተሩን ሳልሰናበት ለመሄድ አስቤ ነበር፤ ግን በሩ ላይ አገኘሁትና የሆነውን ነገርኩት። «በጣም ያሳዝናል» አለ፣ «ማኅበረሰቡ አስተማማኝ የማድረቂያ ሥርዓት ያስፈልገው ነበር።» ቱፍ ልልበት ምንም አልቀረኝም፤ ማስክ ማድረጌ ነው ያዳነው። ጋሽ ደምሴ በዚያው ሳምንት ተከትለውኝ ለቀቁ። ስለዚያች ጠዋት ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሱት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ። «መርዶ ለሞተ ነው» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «እነሱ ገና አልሞቱም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ዛሬ አበሻው መሃል ወግ የማታውቅ እባላለሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቦቿ «ትንሽ አሞታል» በዪልን ብለው ደወሉልኝ። እኔ በሯን አንኳኩቼ ሊሞት ይችላል፣ ብትሄጂ ይሻላል አልኳት። በአፏ ሙልጭ አድርጋ ሰደበችኝ። ከዚያ ግን ትኬት ቆረጠች፤ በሕይወት እያለ ደርሳበታለች።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ ይህን ሁሉ አልፌ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለአንዲት የማላውቃት ልጅ «ጥሩ ነው» አልኳት። ወተቱ ፊት ቆሜ ራሴን ስጸየፍ ልጄ እጄን ጎተተችኝ። «ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?»

ጋሪውን አዞርኩ። ልጄ ወዴት ነው እያለች ተከተለችኝ። ወጣቷ ፊት ናፕኪኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፈታሁት። «ይቅርታ» አልኳት፣ «ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ይሄ ተበላሽቷል። ሰው ሳይታመም አንሺው።»

ልጄ አፍራ ከጀርባዬ ተሸሸገች። ወጣቷ ግራ ገብቷት ማስረጃውን ተቀብላ አሸተተች። ከዚያ ከበረዶው ላይ ሌላ አንስታ አሸተተች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ትሪውን ዞራ አየችው፤ ከግማሽ በላይ ተበልቷል።

«ከጠዋት ጀምሮ እየሰጠሁ ነው» አለች። «ሁሉም ጥሩ ነው ነው የሚሉኝ። ማንም አልነገረኝም።»